በሞቴ የሄደ ካርታ

«በሞቴ» ብለህ ታውቃለህ? እንዳትዋሽ። እንግዳህ ሳህኑን ገፋ ሲያደርግ፣ ጓደኛህ ሂሳቡን ልክፈል ብሎ እጁን ኪሱ ሲከት፣ ሊጠይቅህ የመጣ ጎረቤትህ ወንበሩ ሳይሞቅ ልሂድ ብሎ ሲነሳ፣ ክንዱን ይዘህ «በሞቴ» ብለሃል። ስንት ጊዜ እንዳልክ አታስታውስም። ለምን ታስታውሳለህ? ቃል ነው፤ ከአፍ ወጥቶ አየር ላይ የሚቀር። አቤልም የመሰለው እንደዚያ ነበር።

አቤል የሞተው በጥር ነው፤ በልብ ሕመም፣ ቤቱ ውስጥ፣ ሚስቱ እጁን ይዛው። ሚስቱ ሶሊያና ዕድሜዋን በነርስነት የሠራች፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። አርባው በወጣ ሳምንት አንዲት ወጣት በሩን አንኳኳች። ኢክራም ትባላለች፤ የሰፈሩ የድርሻ አዳራሽ አስተባባሪ ናት። ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ «እግዜር ያጽናዎት» አለች፤ የቀረበላትን ውኃ በሁለት እጇ ተቀበለች። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ይህች ከተማ ክፉ ነገር የምታስነግረው ሥርዓት ባላቸው ልጆች ነው።

«ሲስተር፣ የመጣሁት ስለ ካርታው ነው።»

«ካርታው አለ» አለች ሶሊያና። «ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ላምጣልሽ?»

«እሱ አሮጌው ወረቀት ነው፤ ይቀመጥ። እኔ የምልዎት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነው።»

በአያቶቻችን ጊዜ «ካርታ» ማለት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ቁማርተኛ የሚበውዘው ነው፤ ሌላው ደግሞ ባለቤት ቤቱ የራሱ መሆኑን የሚያሳይበት ወረቀት። ከዚያ የድርሻ ማዕከል የሚባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመና «ካርታ በካርታ ይተካል» የሚል ሕግ አወጣ። ሰው አሮጌው ወረቀት በአዲስ ወረቀት የሚቀየርለት መስሎት ገና ሳይነጋ ተሰለፈ። ደስ ብሎት ፈረመ። የተሰጠው መጫወቻ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየሰፈሩ አዳራሽ፣ በጥቅምትና በሰኔ፣ ሰው ቃልና ካርታ የሚመዘግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ቤቱን ፊቱ አድርጎ ድርሻ የሚባለውን ጨዋታ ይጫወታል። አልጫወትም ያለ ቤቱን ይለቃል። ሕፃናት ትምህርት ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚማሩት ካርታ መሳብን ነው፤ ቀጥሎ መጣልን፤ ፊደል ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሕዝቡ ለመደው። እኛ የማንለምደው ነገር አለ?

በእነ ሶሊያና ቤት የሚጫወተው አቤል ነበር። እሷ አዳራሹን ረግጣው አታውቅም።

«ባለቤትዎ በጥቅምቱ ጨዋታ ላይ» አለች ኢክራም፣ «ለጋሽ ባሮክ የውኃ ካርታ ሊሰጡ ፈለጉ። ትንንሾቹን ካርታዎች መስጠት ይፈቀዳል። ጋሽ ባሮክ እምቢ አሉ። ባለቤትዎ ‹በሞቴ፣ ውሰደው› አሉ።»

«እሱ ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አውቃለሁ። ጠረጴዛው ግን ቃል ይይዛል። ‹በሞቴ› ያሉትን ‹ስሞት› ብሎ እንደ ኑዛዜ ያዘው። ‹ውሰደው› ያሉት ደግሞ የትኛውን እንደሆነ ስላልጠቀሱ፣ ፊታቸው የነበረውን ካርታ ነው ብሎ መዘገበው።»

«ፊቱ የነበረው የቱ ነው?»

«ቤቱ ነዋ፣ ሲስተር።»

ሶሊያና ሳቀች። ሌላ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀች ነው። ኢክራም ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀችና ቀጠለች።

«ቤቱ አሁን በጋሽ ባሮክ እጅ ነው። እስከ ሰኔ ጨዋታ ድረስ መኖር ይችላሉ። በሰኔ ተቀምጠው ካስመለሱት የእርስዎ ነው። ካልሆነ ከሐምሌ ጀምሮ በሩ አይከፈትልዎትም።»

«እኔ እኮ ካርታ ይዤ አላውቅም።»

«ይማሩ» አለች ልጅቷ። በቅንነት ነበር ያለችው።

ጋሽ ባሮክ የሚኖሩት ከሶሊያና ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። በጉልምስናቸው የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ በከዘራ ነው የሚሄዱት። በሰፈሩ ውስጥ ድርሻን እንደሳቸው የሚያውቅ የለም። ሶሊያና ስትደርስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ሰላም አላለችም።

«ቤቴን ወሰዱት» አለቻቸው።

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ባሌን አብረውኝ ቀብረው፣ ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው፣ ይሄን ሁሉ እያወቁ ነው?»

«ያወቅሁት ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ያቺ ልጅ መጥታ ነገረችኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ሳሰላስል ቀደመችኝ። ተቀመጪና ስደቢኝ፤ ቆመሽ ስትሳደቢ ቀና ብዬ አንገቴን ያመኛል።»

ተቀመጠች። ስድቡ ግን አልመጣላትም።

«ይመልሱልኛ።»

«እንዴት አድርጌ? ቤት በሕይወቴ በስጦታ ልስጥሽ ብል መመሳጠር ነው፤ ያንቺም የኔም ይቃጠላል። አልፈልገውም ብል ጠረጴዛው ውጦት ወደ ሥር ይገባል፤ ሥር የገባ ቤት ደግሞ ሲወጣ አይተን አናውቅም። ዝም ብዬ ልሸነፍልሽ ብል፣ ጠረጴዛው የኔን አጨዋወት ከራሴ በላይ ነው የሚያውቀው። አንዲት ካርታ ያለ ልማዴ ብጥል ይነቃብኛል።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ታሸንፊኛለሽ። እኔ የምችለውን ሁሉ እየተጫወትሁ፣ በእውነት ታሸንፊኛለሽ።»

«እርስዎን? አቤል እኮ ‹ከባሮክ ጋር ከተመደብኩ የሚቀረኝ ጸሎት ነው› ይል ነበር።»

«አቤል ሆደ ቡቡ ነበር፤ ሆደ ቡቡ ድርሻ አይችልም። አንቺ ሰው እያጣጣረ እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ መርፌ የምትወጊ ሴት ነሽ። ነገ ጠዋት ነይ። ቁርስሽን በልተሽ ነይ፤ እዚህ ብዪ የሚል የለም።»

በነጋታው ከብስኩት ካርቶን የተቆረጡ ካርታዎች አዘጋጅተው ጠበቋት፤ የማዕከሉን ካርታ ከአዳራሽ ውጭ መንካት ክልክል ነው። ጨዋታው ሲነገር ቀላል ነው። ቤትህ ፊትህ ይቀመጣል። በውኃ፣ በመብራትና በመንገድ ካርታ ትከልለዋለህ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቤቱ ራቁቱን ቀረ ማለት ነው። ራቁቱን የቀረን ቤት «ልማት» የተባለውን ካርታ የያዘ ሰው ይወስደዋል። ስሙን ያወጣው ሰው ምን እያሰበ እንዳወጣው እግዜር ይወቅ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሰውን የሚያሳብደው። ውጭ ዝናብ ሲጥል የውኃ ካርታ ይረክሳል፤ አንዱ የሚበቃው ቤት ሁለት ይፈልጋል። ከተማው መብራት በጠፋበት ሳምንት የመብራት ካርታ በጉልበት ይመነዘራል። ጉልበት የሚባለው መክፈያ ካርታ ደግሞ የተጫዋቹ ዕድሜና ጤና እየታየ የሚታደል ነው፤ ለጎረምሳ ይበዛል፤ ለሽማግሌ ያንሳል፤ ለበሽተኛ ከዚያም ያንሳል። ሌላው የጣለውን ካርታ ለማንሳት ጉልበት ትከፍላለህ። ልማትን ይዞ መጠበቅም ያስከፍላል። የአንዱ ሕግ ጅራት የሌላውን አንገት ይጠመጥማል።

ጠረጴዛው ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። በሰኔው ጨዋታ ሦስተኛ ሆኖ የመቀመጥ ተራው የጎረቤታቸው የሄርሜላ ነበር፤ ጸጉር ቤት ያላት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። በልምምዱ የሷን እጅ የሚጫወቱላት ጋሽ ባሮክ ነበሩ፤ ድምጿን እያስመሰሉ።

«ውኃውን ለምን ለሷ ጣልሽላት?» አሉ አንድ ቀን።

«ጎደላታ።»

«ሲስተር፣ ይሄ የበሽተኛ ክፍል አይደለም። እዚህ የታመመ ሰው ካየሽ አልጋውን ነው የምትወስጂው።»

«እሺ፣ ግዴለም…»

ጋሽ ባሮክ ካርቶኖቹን ሰበሰቡ። «ተሸነፍሽ።»

«ምን አደረግሁ?»

«‹ግዴለም› አልሽ። ጠረጴዛው ላይ ‹ግዴለም› ማለት ተራዬን ትቻለሁ ማለት ነው። ‹እርስዎ ይቅደሙ› ብትዪ ተራሽን ሰጠሽ። ‹ኧረ ይቅርብኝ› ብትዪ የሳብሽውን መለስሽ። አቤልን ያየሽው ነው።»

«ታዲያ ሰው ምን ብሎ ያወራል?»

«አያወራም» አሉና ካርቶኖቹን በወዙ።

ሶሊያና ሰፈሯን ልብ ብላ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ሰው ሰውን መለመን ትቷል። ምሳ ቤት ገብቶ የሚበላ ሰው አጠገቡ ለተቀመጠው «እንብላ» አይልም፤ አዳራሽ ውስጥ እንዳያመልጠው ቃሉን ከአፉ ሊያጠፋው ስለሚፈልግ ነው። በር ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች «ይለፉ፣ ይለፉ» አይባባሉም፤ ጉልበት ያለው ይገባል። ለቅሶ ቤት የመጣ ጥቂት ተቀምጦ ይነሳል፤ ቆይ የሚለው የለም። እናቶች ልጆቻቸውን «በሞቴ ብላ» ማለት ከተዉ ቆይተዋል። ስድብ ግን እንደ ድሮው ሞልቷል። ስድብ ጠረጴዛው ላይ አያስቀጣም።

ተማረች። መሳብን፣ መጣልን፣ ይዞ መቆየትን ተማረች። ፊቷ እንዳይነበብ ማድረግን ተማረች። ከሁሉ ይልቅ ሌላው ሰው የሚጎድለውን ማየት ተማረች። አንድ ነገር ብቻ ስትጠይቅ ጋሽ ባሮክ ወሬ ይቀይሩባት ነበር።

«የተሸነፈ ሰው ምን ይሆናል?»

«መጀመሪያ ማሸነፍ ልመጂ። አሁን ሳቢ።»

ግንቦት ሲጋመስ አልፎ አልፎ ታሸንፋቸው ጀመር። አንድ ጠዋት ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለች ሄርሜላ ከኋላዋ መጣች።

«ሲስተር፣ ባሮክ እያሠለጠነሽ ነው አሉ። ተጠንቀቂ፣ ሳታስቢው ቀይ ካርድ ይመዝልሻል።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ሄርሜላም ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረና ጎንበስ አለች። ከሥር የሚመጣ፣ እርጥብ ሳል ነበር። ሶሊያና በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለውን ሳል በር ላይ ሆና ስትሰማ ኮቷን ሳትለብስ ነበር የምትሮጠው። አሁን ቆማ አዳመጠችው። እስከ ሰኔ አይለቃትም ብላ አሰበች። ጤናዋ ሲለካ ይወርዳል፤ ጉልበት አይሰጧትም፤ ቤቷን በመንገድ መከለል አትችልም፤ ቤቷ ራቁቱን ይቀራል። ዳቦዋን ገዝታ ወጣች። ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ነው እግሯ የቆመው። ሳሉ ከጀመራት ስንት ጊዜ እንደሆነው አልጠየቀቻትም። ደም አለው ወይ አላለችም። ማታ ማታ ያልብሻል ወይ አላለችም።

ለጋሽ ባሮክ ነገረቻቸው። ካርቶኖቹን አጠገባቸው አስቀመጡ።

«እንኳን ደስ አለሽ ልልሽ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ» አሉ። «ጨዋታው አሁን ነው የገባሽ።»

በማግስቱ የደረት ማዳመጫዋን ይዛ ሄርሜላ ጸጉር ቤት ሄደች። ሄርሜላ ደንበኛ ሸኝታ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ጀርባሽን ልስማው» አለች ሶሊያና።

«ለኔ ነው ወይስ ለሰኔ?»

«ሄርሜላ ሙች፣ ለሕመምሽ ነው።»

«ድሮ ብትመጪ ሳትጠይቂኝ አውልቄ እሰጥሽ ነበር፤ ልጆቼን ያዋለድሽ አንቺ ነሽ። አሁን ግን ስንት ትንፋሽ እንደቀረኝ ልታውቂ ነው የመጣሽው። አይሆንም፣ ሲስተር። አልፈርድብሽም፤ እኔም ብሆን እሰማሽ ነበር።»

ሶሊያና አይደለም እንዳትል ግማሹ እውነት ነበር። ማዳመጫውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተመለሰች። በዚህ ሰፈር ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱ ደረቱን እንዳይሰማው የፈራበትን ቀን ማን እንዳመጣብን እስቲ አስቡት። ጎርፍ ነው? ጦርነት ነው? አይደለም። ሕግ ነው፤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ተጨብጭቦለት የወጣ ሕግ።

የሰኔው ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ በሰው ሞልቷል፤ የሚጫወተው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ የቀረው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የድርሻ ማዕከል ዋና አስተዳዳሪ ዶክተር ልዑልሰገድ በምስል ቀርቦ ንግግር ያደርጋል። ሱፉ አዲስ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው።

«ድርሻ ፍትሕ ነው» አለ ዶክተሩ። «ዘመድ አይጠይቅም፤ ጉቦ አይቀበልም። የተማረ ይጠቀማል፤ ያልተማረ ይማራል።»

ሰዉ አጨበጨበ። ይህ ሰው በየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ጠረጴዛ፣ የራሱን ቤት ፊቱ አስቀምጦ ተጫውቶ እንደሚያውቅ የጠየቀው አልነበረም። የጠረጴዛው መብራት በራ። መሐሉ ላይ ካርታ የሚያሾልክ ቀጭን ክፍተት አለ፤ ሥር የሚባለው እሱ ነው።

ጋሽ ባሮክ ፊት ሁለት ቤት ተቀምጧል፤ አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ የሶሊያና። ሄርሜላ ፊት የራሷ አለ። ሶሊያና ፊት ምንም የለም። የጤናዋ ልኬት ወርዶ ሄርሜላ የታደላት ጉልበት ከሁሉም ያነሰ ሆነ። ካርታዋን አይታ «ለሬሳ የሚሰጥ ድርሻ» አለች። ማንም አልሳቀም።

ጨዋታው ተጀመረ። ጋሽ ባሮክ እንዳሉት ሆኑ፤ አልማሯትም። በረንዳው ላይ ያሾፉባት የነበሩት ሽማግሌ ጠፍተው፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ከፊቷ ተቀመጠ። በጥቂት ካርታ ሁለት ቤት ይከልላሉ፤ ከዚህ አንስተው ወደዚያ፣ ከዚያ አንስተው ወደዚህ፤ ስታይ አንዱም ራቁቱን አይውልም። ሶሊያና አንዴ ከጨዋታ ልትወጣ ጥቂት ቀርቷት ተረፈች። ከዚያ ወዲያ የምትሰማው የካርታ ድምፅና የሄርሜላን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ጋሽ ባሮክ ልማትን ሳቡ። እንደ ልማዳቸው ወዲያው ጣሉት። ልማትን እጃቸው ላይ አቆይተው አያውቁም፤ «ያሳክከኛል» ነው የሚሉት፤ ሰፈሩም ጠረጴዛውም ይህን ያውቃሉ። ሶሊያና ለዚህች ሰዓት ስትቆጥበው የነበረውን ጉልበት ከፍላ አነሳችው።

ያኔ የሄርሜላ መንገድ ጎደለ። ቤቷ ፊቷ ላይ ራቁቱን ተኛ። የጋሽ ባሮክ ሁለቱም ተከልለዋል። ሄርሜላ ቤቷን አየች፤ ከዚያ ሶሊያናን አየች። ሳሏን ያዘችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ተራው የሶሊያና ነው። ብትወስደው የምትኖርበት ቤት አገኘች፤ ጨዋታው አበቃ፤ የሚወቅሳት ሕግ የለም። ማንም አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ይወስደው ነበር። እሷ አንዲት የመብራት ካርታ ጣለችና ልማትን እንደያዘች ተቀመጠች። ሄርሜላ ሳሏን ለቀቀችው።

«አንቺ ሞኝ» አለቻት፣ አፏን በመሐረቧ ይዛ። «አሁን በምን ልከፍልሽ ነው?»

«ዝም ብለሽ ቤትሽን በመንገድ ከልዪ።»

በሚቀጥለው ዙር ሄርሜላ ቤቷን በመንገድ ከለለች፤ ሶሊያና ግን የጉልበት ካርታዋ እያለቀ ነበር። ልማትን ለአንድ ዙር ብቻ ነበር ይዛ መቆየት የምትችለው። በዚህ መሐል የአዳራሹ ጣሪያ መንኳኳት ጀመረ። የሰኔ ዝናብ ነው፤ መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ወዲያው ዶፍ። ጠረጴዛው ላይ ያሉ የውኃ ካርታዎች ሁሉ ቀለማቸው ደበዘዘ። ረከሱ። ሄርሜላ የተረፋት አንድ ውኃ ነበራትና ደረበችበት። ጋሽ ባሮክ ለሁለት ቤት ሁለት ውኃ ብቻ ነበራቸው። አንዱን ቤት ከልለው አንዱን መተው አለባቸው። ብዙ አላሰቡም። ሁለቱንም ውኃ ወደ ራሳቸው ቤት አዞሩት፤ ማንም ባለቤት እንደሚያደርገው።

የሶሊያና ቤት ራቁቱን ቀረ። ልማትን አስቀመጠችና ወሰደችው። ካርታው ፊቷ ሲደርስ መዳፏን ከደነችበት።

ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ሰው አጉተመተመ። ጋሽ ባሮክ ፈገግ አሉ፤ የበረንዳው ሰውዬ ተመለሱ። ከዚያ ጠረጴዛው ተናገረ። ድምፁ የሴት ነው፤ እንደ ኢክራም ሥርዓት ያለው።

«ይዞታ ለወይዘሮ ሶሊያና ተመልሷል። አቶ ባሮክ ይዞታ መጠበቅ አልቻሉም። ቀሪ ይዞታቸው ወደ ሥር ይገባል። አሸናፊዋ ‹ተቀብያለሁ› ይበሉ።»

የጋሽ ባሮክ ቤት ካርታ ወደ ክፍተቱ ትንሽ ሸርተት ብሎ ቆመ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ሶሊያና።

«ሕጉ ነው» አሉ ጋሽ ባሮክ። የቀሩትን ካርታዎቻቸውን አንድ ላይ እያስተካከሉ ነበር። «በእጁ ያለ ቤት በልማት የተወሰደበት ተጫዋች የራሱንም ያጣል።»

«ይሄን አላስተማሩኝም።»

«ሁሉን ማስተማር አይቻልም።»

«ስጠይቅዎ ነበር እኮ። ወሬ ይቀይሩብኝ ነበር። ደበቁኝ።»

«ብነግርሽ ትማሪ ነበር?»

ሶሊያና ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ጋሽ ባሮክ ከዘራቸውን ፈለጉ።

«አታልቅሺ፣ ሰው ያየናል። የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን አለች። ብርድ ነው እንጂ ሰዉ ጥሩ ነው አሉ። ቃሉን በዪና ቤትሽ ግቢ።»

ኢክራም በሰዎች መሐል አልፋ መጣች። ፊቷ ላይ እውነተኛ ደስታ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ሲስተር። ‹ተቀብያለሁ› ይበሉና ይነሱ።»

«ካላልኩስ?»

«አዳራሹ ሲዘጋ ሁለቱም ወደ ሥር ይገባሉ፤ የእርስዎም የሳቸውም።» ልጅቷ ጎንበስ አለች፤ ድምፅዋን ቀነሰች። «እባክዎን፣ ሲስተር። ቤትዎ እኮ ነው። ለዚህ አይደል የተማሩት?»

ለዚህ ነበር የተማረችው። የሄርሜላን ሳል በካርታ የመነዘረችው ለዚህ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ተማሪው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚማረው ከጎኑ ያለውን ሰው እንዴት ራቁቱን እንደሚያስቀር ነው። የሰፈሩ ታችኛው በኩል ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ተሸንፈው ከወጡ በኋላ በረጅም አጥር ታጥሯል፤ በአጥሩ ውስጥ መብራት ይበራል፤ መኪና ይገባል፤ ማን እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። አቤልን ያሸነፈው ባሮክ አይደለም። ባሮክንም ያሸነፈችው እሷ አይደለችም። የሚያሸንፈው ሰው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ አያውቅም።

«ኢክራም፣ ሥር የገባ ቤት የማን ይሆናል?»

«የማዕከሉ።»

«ማዕከሉስ የማን ነው?»

«እኔ አስተባባሪ ነኝ፣ ሲስተር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንቺን አይደለም የምጠይቀው።»

ሶሊያና ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ልትነሳ የነበረችው ሄርሜላ አየቻትና ተመልሳ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች፤ እያሳለች «እኔም ደንበኛ የለኝም ዛሬ» አለች። ጋሽ ባሮክ ከዘራቸውን እንደያዙ በግማሽ ተነስተው ቀሩ።

«ሲስተር፣ ቤትሽን አታቃጥዪ» አሉ። «እኔ የከፈልኩትን ከንቱ አታድርጊው።»

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ባሮክ። ጉልበትዎን ያምዎታል።»

በር ላይ ሁለት የአዳራሹ ጠባቂዎች መጥተው ቆሙ። ግድግዳ ተደግፎ ከነበረው ሰው ጥቂቱ ሹልክ እያለ ወጣ፤ የቀረው አልተንቀሳቀሰም። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ፊት ለፊት ዶክተር ልዑልሰገድ በምስል ፈገግ እንዳለ ነው፤ ንግግሩን ጨርሷል፤ ምስሉን ማጥፋት ረስተዋል። ሶሊያና ወደ ምስሉ ቀና አለች። የተናገረችው በሽተኛ ክፍል ውስጥ በምትናገርበት ድምፅ ነው፤ ጮክ ሳይል ጥግ ድረስ በሚሰማው።

«ይሄ ሰውዬ ይምጣ። በምስል አይደለም፤ በእግሩ። እዚህ ሰፈሩ ፊት ይቁም። ከዚህ ጠረጴዛ ሥር የገቡትን ቤቶች ማን እንደወሰዳቸው ስም ጠርቶ ይናገር። አጥሩ ውስጥ ማን እንደሚኖር ይናገር። የራሱ ቤት ካርታ በየትኛው አዳራሽ፣ ማን ፊት እንደተቀመጠ ይናገር። እኔ ቤቴን የምቀበለው እሱ ከመለሰ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሳም። ኢክራም፣ ጥሪው። ዶክተር ልዑልሰገድ ይምጣና ሕዝብ ፊት ይመልስ።»